ጎማ ያልዞረባቸው ከተሞች

የእነዋሪ ሰው ለገደል እንግዳ አይደለም። የሞረትና ጅሩ ሜዳ ጥቁር አፈሩን፣ ጤፉንና ስንዴውን ይዞ ተንጣሎ ይሄድና ጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ድንገት ይቆማል። ሰሜን ሸዋ በምሥራቅ በኩልም ሌላ አፋፍ አለው። ከእነዋሪ በደነባ አድርጎ ደብረ ብርሃን የደረሰ፣ ከዚያም ጣርማበር ላይ ጣሊያኖች የቆፈሩትን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የወረደ መንገደኛ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጋቢውን አውልቆ ጥላ ይፈልጋል። በዚህ ቁልቁለት ትከሻ ላይ፣ ከአውቶቡስ መስኮት የማይታዩ የድንጋይ ከተሞች ፈርሰው ይገኛሉ። ኖራ፣ አስበሪ፣ መሳል ይባላሉ፤ የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች ነበሩ።

ይፋት የተነሣው በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት መሥራች ዑመር በ1285 እ.ኤ.አ. የቀድሞውን የሸዋ ሱልጣኔት ገልብጦ ግዛቱን አጠቃለለ። ስሙም ካይሮ ድረስ ተሰምቷል፤ በ1349 እ.ኤ.አ. የሞተው የማምሉክ ጸሐፊ አል ዑመሪ የኢትዮጵያን ሰባት የእስላም መንግሥታት ሲዘረዝር ለይፋት ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። ስፋቱን የለካው ታዲያ በቀን መንገድ ነው፤ ርዝመቱ የ20፣ ወርዱ የ15 ቀን ጉዞ። ልኩ እግር ነበር።

ከደጋው ነገሥታት ጋር የነበረው ጠብ በብዙ ታሪክ መጻሕፍት ስላለ እዚህ መድገም አያሻም። አንድ ነገር ብቻ መዝለል ያሳዝናል። በዓፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ የይፋቱ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት ሲፎክር እናገኘዋለን፤ ስለ ጫት ከተጻፉት ጥንታዊ መረጃዎች አንዱ ይኸው ፉከራ ነው። ሰብረዲን አልቀናውም። በኋላም ሌላው የይፋት ሱልጣን ሰዕደዲን ዘይላ ላይ ተገደለ፤ ከባሕሩ ዳር ያለችው ደሴት ዛሬም በስሙ ትጠራለች። የወላስማ ልጆች ኃይል ከዚያ ወዲህ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዳል አዘነበለ። የሸዋው ትከሻ ከተሞች ለግራርና ለቁልቋል ቀሩ።

ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ፎቬል፣ ሂርሽና ሸክሩን የተባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር እነዚህን ቦታዎች እየዞሩ መዝግበዋል። መስጊዶች፣ መኖሪያ ቤቶችና የመቃብር ቦታዎች አግኝተዋል። የወላስማ ሱልጣኖችን ስም በዓረብኛ የያዙ የመቃብር ድንጋዮችም ተገኝተዋል፤ በወረቀት ብቻ ይታወቅ የነበረው ሥርወ መንግሥት በመሬት ላይ አድራሻ አገኘ ማለት ነው።

ፍርስራሽ መጎብኘት ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ሮማውያን ከተሞች ይሄዳል። በ79 እ.ኤ.አ. በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረችው ፖምፔይ ጎብኚዋን በመንገዶቿ ትመራዋለች። የጥርብ ድንጋዩ ንጣፍ ላይ የጋሪ ጎማ የቦረቦረው ጥንድ መስመር ይታያል፤ እግረኛው ጎርፍና ቆሻሻ ሳይረግጥ እንዲሻገር ረጃጅም ድንጋዮች ተተክለውበታል። አልጄሪያ ውስጥ ያለችው ቲምጋድ ደግሞ ለጡረተኛ ወታደሮች በገመድ ተለክታ የተመሠረተች ከተማ ናት፤ ጎዳናዋ ቀጥ ያለ ነው። ይፋት ላይ እንዲህ ያለ መሪ የለም። ጋሪ አልነበረምና የጎማ ፈለግም አይገኝም። ሁሉም ነገር ለእግርና ለኮቴ የተሠራ ነው።

ታዲያ እግረኛው ምን ያንብብ? መጀመሪያ ግድግዳን። ቁልቁለቱ ሁሉ የድንጋይ ካብ ነው፤ አብዛኛው ግን የገበሬ እርከን ነው። እርከን ፊቱ አንድ ነው፤ ጀርባው አፈር ተደግፏል። የቤት ግድግዳ ሁለት ፊት አለው፤ ውስጡም ውጭውም ተስተካክሎ ይካባል። ካቡ ወደ ውስጥ ታጥፎ ማዕዘን ከሠራ፣ አለፍ ብሎም የበር ክፍተት ከተወ፣ ቆም ብሎ ዙሪያውን ማየት ነው። እግር ሥር የሸክላ ስባሪ ይታይ ይሆናል። ግራ የሚያጋባው፣ ገበሬው የከተማውን ድንጋይ ለእርከኑ ሲወስድ ስለኖረ አሮጌው ግድግዳ አዲሱ ውስጥ መቀላቀሉ ነው።

መስጊዱን ለመለየት ግን አስተማማኝ ምልክት አለ። ሚህራቡ፣ ማለትም ኢማሙ የሚቆምበት ከግድግዳው ገባ ያለ ቅስት፣ ወደ መካ ያመለክታል። ሸዋ ሮቢትና መካ ከሞላ ጎደል አንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ፣ 40 ዲግሪ ምሥራቅ አጠገብ ናቸው። ስለዚህ እዚህ አገር ቂብላው፣ ማለትም የስግደቱ አቅጣጫ፣ ቀጥታ ሰሜን ነው። ደጋ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅን ያሳያል፤ ቆላ ወርዶ ሚህራብ ያገኘ ሰው ኮምፓስ ሳይዝ ሰሜንን ያውቃል።

ከተሞቹ ለምን ሜዳው ላይ ሳይሆን ትከሻው ላይ ተሠሩ የሚለው ጥያቄ ቁልቁለቱን በእግሩ ላልሞከረ ሰው እንቆቅልሽ ነው። መልሱን ዘግይቶ የመጣ ምስክር ያግዛል። እንግሊዛዊው መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ የግመል ጉዞው ያበቃው ከአንኮበር በታች፣ ፋሬ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ጭነቱ በሰው ጫንቃ ዳገቱን ወጣ። ግመል ደጋ አይወጣም፤ የደጋ በቅሎም በረሃ አይወድም። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ማራገፊያ፣ ገበያ፣ ቀራጭና ማደሪያ ያስፈልጋል። የአንኮበር ጎረቤት አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረችው በዚሁ ሥራ ነበር፤ አሞሌ ጨው፣ ማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ቡና፣ ባሪያም ጭምር ይለዋወጥባት ነበር። የይፋት ከተሞችም ከዚያ አምስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብለው ከዚሁ መስመር የተጠቀሙ ይመስላል።

ጣራ ያለው የይፋት ዓይነት ቤት ምን ይመስል ነበር የሚል ሰው ወደ ሰሜን፣ ከሚሴ አካባቢ ወደ ሾንኬ ይውጣ። አርጎባዎች የሚኖሩባት ይህች የኮረብታ መንደር ቤቶቿ ከድንጋይ የተካቡ፣ እርስ በርስ የተጠጋጉ ናቸው፤ ሾንኬም መኪና የማይገባባት መንደር ናት።

ለጉዞው ጥሩ ጫማ፣ በቂ ውኃና የአገሬው ሰው ያስፈልጋል። ቲኬት ቆራጭ የለም፤ ቦታውን የሚያውቁት አባወራዎች ናቸው፤ መቃብርም መስጊድም ስለሆነ ፈቃድ መጠየቅ ወግ ነው። የመንገዱን ሰላም ከመነሳት በፊት ማጣራት ግድ ነው። የሸክላ ስባሪ ኪስ መክተት ግን አይፈቀድም፤ የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ነው፤ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት ይላል። ወቅቱን በተመለከተ፣ በክረምት ሣሩ ግድግዳውን ይውጠዋል፤ የበልጉ ዝናብም ዳገቱን ያሙለጨልጨዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ሣሩ ደርቆ ካቡ ይገለጣል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ መሄድ ይሻላል፤ ፀሐይ በጎን ስትመታ የግድግዳው መስመር ጥላ ይጥላል፤ በቀትር ግን ድንጋዩ ሁሉ አንድ ይመስላል።