ሳይበር የቆመ አውሮፕላን ሞቷል?

የድሮ የጦር አውሮፕላን ወዳጆች አንድ የማያልቅ ክርክር አላቸው፦ ይብረር ወይስ ሙዚየም ይቁም? ክርክሩ ሲጋጋል እንደ እውነት የሚወረወሩ አባባሎች አይጠፉም። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ እውነተኛው የሚበረው ነው፤ የቆመው ቀፎ ነው።

እውነታው፦ ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝናን ያተረፈው የእንግሊዝ ሞስኪቶ የእንጨት ሥራ ነው። አካሉ ከበርች ኮምፔንሳቶ የተሠራ ሆኖ፣ መሀሉ ባልሳ የተባለ ቀላል እንጨት ገብቶበት በኮላ ተጣብቋል። እንጨትና ኮላ ደግሞ ያረጃሉ። በ2012 ኒውዚላንድ ላይ ዳግም የተነሣው ኬኤ114 ካናዳ ውስጥ እርሻ ላይ ተጥሎ የኖረ ነበርና፣ እንዲበር እንጨቱ እንደ አዲስ ተሠራለት። አየር ላይ ያየነው እንጨት የጦርነቱ ዘመን እንጨት አይደለም። በኖቬምበር 1940 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የሞስኪቶ ናሙና ግን ዛሬም ለንደን አጠገብ በዴ ሃቪላንድ ሙዚየም ቆሟል። የሞተሩን ድምፅ መስማት የፈለገ ወደ ኬኤ114 ይሂድ፤ የዚያ ዘመን አናጢ እንዴት እንደሠራ ማየት የፈለገ ግን ወደ ናሙናው ይሂድ።

ተረት፦ ለእይታ የቆመ አውሮፕላን ከጥፋት ድኗል።

እውነታው፦ በ25 የጦር ተልእኮዋ የታወቀችው ቦምብ ጣይ ሜምፊስ ቤል በሜምፊስ ከተማ ለአሥርት ዓመታት ደጅ ላይ ቆማ ዝናብና ፀሐይ በላት። ማስታወሻ ፈላጊውም ውስጧን እየነቀለ ወሰደ። በ2005 ወደ ኦሃዮ ተወስዳ ለሕዝብ የታየችው ጥገናዋ አልቆ በ2018 ነው።

ተረት፦ ገንዘብ ካለ የማይበር የለም።

እውነታው፦ ቩልካን ኤክስኤች558 የተባለው ግዙፍ ጄት በሕዝብ መዋጮና በሎተሪ ገንዘብ በ2007 ዳግም በረረ። በ2015 የቆመው ኪሱ ስለነጠፈ አይደለም። የቴክኒክ ኃላፊነቱን የተሸከሙት ሦስት ኩባንያዎች ድጋፋቸውን ሊያቆሙ ወሰኑ፤ ያለ እነሱ ደግሞ የበረራ ፈቃድ የለም። ያንን ትውልድ ጄት በእጁ የሚያውቅ ባለሙያ ጡረታ ሲወጣ በገንዘብ የሚተካ ዕውቀት አይደለም።

ተረት፦ በደንብ ከተያዘ መብረሩ አይጎዳውም።

እውነታው፦ በ1942 ሊቢያ ላይ አውስትራሊያውያን የማረኩት የጀርመን ሜሰርሽሚት፣ በቅጽል ስሙ «ብላክ ሲክስ»፣ በጎ ፈቃደኞች ሁለት አሥርት ዓመት ገደማ ደክመውበት በ1991 በረረ። በኦክቶበር 1997 ሙዚየም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ዳክስፎርድ ላይ ሲያርፍ ማኮብኮቢያውን አለፈ፤ አውራ ጎዳናውን ተሻግሮ የታረሰ ማሳ ላይ በጀርባው ተገለበጠ። አብራሪው ተረፈ። ያ ሁሉ ድካም የተጨማደደው በአንድ ቀን ነው። በ2022 ዳላስ ላይ የተጋጩት ሁለት የድሮ የጦር አውሮፕላኖች ግን 6 ሰው ገድለዋል።

እኔ በብዛት የተረፈው ዓይነት ይብረር ባይ ነኝ፤ ስፒትፋየር ለምሳሌ። ብላክ ሲክስ ግን ከአደጋው በኋላ ሲጠገን ለእይታ ብቻ ነው የተጠገነው፤ ይህን የወሰኑት ትክክል ነበሩ።