የቤንጋል ቡና፦ ቡና ነው ወይስ አይደለም?

ከሕንድና ከኔፓል ተነስቶ በባንግላዴሽ በኩል እስከ ማይናማር በሚዘልቀው ሞቃታማ ደን ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አንድ ቁጥቋጦ ይበቅላል። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከሰው ቁመት አያልፍም። አበባው ነጭ ነው፤ ፍሬው ሲበስል እንደኛ ቡና ቀይ ሆኖ አይቀርም፣ ወደ ጥቁር ያደላል። ዘሩን ቆልታችሁ ብትጠጡት እንቅልፍ አይነሳችሁም፤ ካፌይን የለውም ማለት ይቻላል። ሳይንሳዊ ስሙ ኮፊያ ቤንጋሌንሲስ ነው፤ የቤንጋል ቡና እንደ ማለት ነው።

ታዲያ ይሄ ነገር እውነት ቡና ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን በ200 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተገለባብጧል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የተገለባበጠበትን ምክንያት ስናይ፣ ሳይንቲስቶች ዕፅዋትን እንዴት እንደሚለዩና እንደሚመድቡ እግረ መንገዳችንን እንረዳለን።

መለየትና መመደብ

ሁለቱ ሥራዎች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ አይታችሁ "ይሄ ልጅ ማነው?" ብትሉ፣ መለየት ነው። "የማን ልጅ ነው? ከነማን ጋር ይዛመዳል?" ካላችሁ ደግሞ መመደብ ነው። ልጁን በደንብ እያወቃችሁት ዘመዶቹን ላታውቁ ትችላላችሁ። የቤንጋል ቡናም ላይ የሆነው ይሄው ነው። ቁጥቋጦውን ለይቶ ማወቅ ብዙም አላከራከረም፤ ያከራከረው ዝምድናው ነው።

ጫካ ውስጥ እንዴት ይለያል?

የዕፅዋት ባለሙያዎች መለያ ቁልፍ የሚሉት መሣሪያ አላቸው። ፕሮግራም ጽፎ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል፦ "እንዲህ ከሆነ ወደዚህ ሂድ፣ ካልሆነ ወደዚያ" እያለ የሚወስድ የጥያቄ ሰንሰለት ነው። ለኛ ቁጥቋጦ በአጭሩ እንሞክረው።

አንደኛ፣ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ነው የወጡት? አዎ። ሁለተኛ፣ የቅጠሉ ጠርዝ ጥርስ የለውም፣ ለስላሳ ነው? አዎ። ሦስተኛ፣ በሁለቱ ቅጠሎች አገንጮች መካከል ግንዱ ላይ የተለጠፈች ትንሽ፣ ሹል ቅጠል መሰል ነገር አለች? አለች። አራተኛ፣ ወደ ፍሬነት የሚለወጠው የአበባው ክፍል ከመልካበባው በታች ነው? አዎ። እነዚህ አራቱ ሲገጣጠሙ ሩቢያሴ የተባለው ቤተሰብ ውስጥ ገብተናል። ግን ገና ነው፤ ይሄ ቤተሰብ ከ13 ሺህ በላይ ዝርያ አለው።

ቀጣዩ ጥያቄ ዘሩ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ጥሬ ቡና ካለ አንዷን ፍሬ አንሱና ጠፍጣፋ ጎኗን እዩ። መሃሏ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ጠለቅ ያለ ስንጥቅ አለ። እልፍ ጊዜ አይተነው ልብ የማንለው ይሄ ስንጥቅ፣ ቡናን ከሌሎቹ የሩቢያሴ ዘመዶቹ የሚለይ ትልቅ ምልክት ነው። የቤንጋሉ ቁጥቋጦ ዘርም ይሄው ስንጥቅ አለው።

በመጨረሻ ናሙናው ሄርባሪየም ይወሰዳል። ሄርባሪየም ማለት በወረቀት ላይ ተጭነው የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ቤተ መዛግብት ነው፤ የኛ ብሔራዊ ሄርባሪየም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይገኛል። እዚያ አዲሱ ናሙና ከቀድሞዎቹ ጋር ይነጻጸራል። እስከዚህ ድረስ ያለው መለየት ነው።

ዘሩ ያዛመደውን አበባው አለያየው

ካርል ሊኔየስ በ1753 ኮፊያ የሚለውን ወገን ሲመዘግብ (በሳይንሱ ቋንቋ ወገን ጂነስ ይባላል) በእጁ የነበረው የኛው ቡና፣ ኮፊያ አረቢካ ነው። የቤንጋሉ ቁጥቋጦ በ1819 ስም ሲወጣለት እዚያው ኮፊያ ውስጥ ገባ።

በ1873 ግን እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሁከር ከአፍሪካ የመጣ አንድ ተክል አይቶ ሲላንተስ የሚባል አዲስ ወገን መሠረተ። ልዩነቱ አበባው ላይ ነበር። የአረቢካ አበባ ሲፈካ የወንዴውም የሴቴውም ክፍል ከአበባው ቱቦ ወጥተው ይታያሉ። ሲላንተስ ላይ ግን የሴቴው ክፍል አጭር ነው፤ የወንዴውም ክፍል ቱቦው ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። የቤንጋሉ አበባም እንደዚያው ነው። ስለዚህ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዣን ፍራንሷ ሌሯ ወደ ሲላንተስ አዛወረው። የቤንጋል "ቡና" በሳይንሱ ዓይን ቡና መሆኑ ቀረ ማለት ነው።

ችግሩ ምልክቶቹ እርስ በርስ አለመስማማታቸው ነው። ለምሳሌ ማዳጋስካር ውስጥ አበባቸው የኮፊያ፣ የቅርንጫፋቸው አበቃቀል ግን የአንዳንድ ሲላንተሶች የሆነ ዝርያዎች አሉ። አበባን ብታምኑ አንድ ቦታ፣ ቅርንጫፍን ብታምኑ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። በምህንድስናም ዕቃ የሚለይ ሶፍትዌር ስንሠራ ይሄ ያጋጥመናል፤ የመረጥነው መለኪያ ምድቡን ይወስነዋል።

ዲኤንኤ ምን አለ?

በ1998 ተመራማሪዎች አንድ የምዕራብ አፍሪካ ሲላንተስን ከአረቢካ ጋር አዳቅለው ድቅል ተክል ማግኘታቸውን አሳወቁ። የራቀ ዘመድ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ በቀላሉ የሚሆን ነገር አይደለም።

በ2011 ደግሞ በለንደኑ ኪው የዕፅዋት ተቋም የሚሠራው አሮን ዴቪስና ባልደረቦቹ የዲኤንኤውን ማስረጃ ከቅርጹ ጋር አንድ ላይ መረመሩ። ሲላንተስ እውነተኛ የተለየ ወገን ቢሆን፣ በዝምድናው ዛፍ ላይ ኮፊያዎች በአንድ በኩል፣ ሲላንተሶች በሌላ በኩል ተሰብስበው መቆም ነበረባቸው። ድንበሩ ግን እንደዚያ ጥርት ብሎ አልወጣም። ስለዚህ ሲላንተስን ሙሉ በሙሉ ኮፊያ ውስጥ ጨመሩት። የስም አወጣጥ ሕጉ ቀድሞ ለወጣው ስም ስለሚያደላ፣ የ1753ቱ ኮፊያ ጸና፣ የ1873ቱ ሲላንተስ ቀረ። የቡና ዝርያዎች ቁጥር በአንድ ጊዜ ከ104 ወደ 124 ከፍ አለ፤ የቡና ወገን የተፈጥሮ ሀገርም ከአፍሪካና ከሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች አልፎ እስከ እስያና አውስትራሊያ ተዘረጋ። የቤንጋሉም ቁጥቋጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ምን አገባን?

ስም ብቻ ቢሆን ምንም ባላገባን። ነገር ግን ቡና አዳቃዮች በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚያዩት የዱር ዘመዶችን ነው። ቲሞር ደሴት ላይ በተፈጥሮ የተገኘው የአረቢካና የሮቡስታ ድቅል ዋግን የመቋቋም ባሕርዩን ለብዙ የዓለም የቡና ዓይነቶች አውርሷል። የዘመዶቹ ዝርዝር ውስጥ ያልገባ ተክልን ግን ለዚህ ጉዳይ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው።

በርግጥ ዘመድ መሆን ብቻውን በቂ አይደለም። አረቢካ 44 ክሮሞዞም አለው፣ የቤንጋል ቡና ግን 22፤ ሁለቱን ማዳቀል ቀላል ሥራ አይሆንም። ጊዜውም እየጠበበ ነው። በ2019 የወጣ ጥናት ከ124ቱ የቡና ዝርያዎች 75ቱ፣ ማለትም 60 በመቶው፣ የመጥፋት ስጋት እንዳለባቸው አሳይቷል። የኛው የዱር አረቢካም ከነዚህ አንዱ ነው።

አንድ ጉዳይ ደግሞ ገና አላለቀም። አረቢካ የሚባለው ዝርያ የዱር ቤቱ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያና አጎራባቹ የደቡብ ሱዳን ደን መሆኑ የታወቀ ነው። መላው የቡና ወገን የጀመረው የት ነው ቢባል ግን፣ በ2017 የታተመ ሰፊ የዲኤንኤ ጥናት አፍሪካም እስያም ሊሆን ይችላል ይላል፤ የዓረብ ልሳነ ምድርንም አላወጣም። መልሱን ከሚያቀርቡልን ተክሎች አንዱ፣ ለዓመታት "ቡና አይደለህም" የተባለው ያ የቤንጋል ቁጥቋጦ ነው።