ከመሪ ጀርባ ሆኜ ያላየሁት ገደል

ሃያ ስድስት ዓመት በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ ነድቻለሁ፤ መጀመሪያ የጭነት መኪና፣ ኋላ የሕዝብ አውቶቡስ። ጣርማ በርን ስንቴ እንዳለፍኩት ቆጥሬ ባላውቅም፣ እንዴት እንደሚታለፍ እጄና እግሬ ዛሬም አልረሱትም። መንገዱ ከሚያልፍበት ዋሻ ስወጣ ማርሽ እቀንሳለሁ። ቁልቁለቱን በሞተር እይዘዋለሁ እንጂ ፍሬን ላይ አልተኛም። ጉም ከሆነ መብራት አብርቼ የአስፋልቱን ጠርዝ እፈልጋለሁ፤ ጆሮዬን ከታች ለሚመጣው ጡሩምባ እሰጣለሁ። ከኋላዬ ተሳፋሪው በመስኮት እያየ «ወይ ጉድ! ምን ዓይነት ገደል ነው!» ሲል እሰማለሁ። እኔ ግን ያን ገደል አይቼው አላውቅም ነበር። የሾፌር ዓይን ወደ ሄደበት መሪውም ይከተላል፤ ስለዚህ ዓይኔን ከመንገዱ አንስቼ አላውቅም።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ለሥዕል ጉዞ ስትነሳ «አባዬ፣ አንተም ና። መሳሉን ባትወደው ቡና ትጠጣለህ» አለችኝ። አሥራ አንድ ሆነን ሄድን፤ ሁለት ነርሶች፣ የፊዚክስ መምህር፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ልጃቸውን ያስከተሉ ባልና ሚስት። የምታስተምረን ወጣት ሠዓሊት ናት፤ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባቋቋሙትና ዛሬ በስማቸው በሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረች። ከሌሎቻችን መካከል ብሩሽ ይዞ የሚያውቀው ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ማደሪያችን ደብረ ሲና ሆኖ፣ ሁለቱን ቀን ጣርማ በር አፋፍ ላይ፣ ሦስተኛውን ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርደን ልንስል ተስማማን። የሚቸኩል አልነበረም። ሥዕል ሲሰለች ቡና ይፈላል፤ ቡናው ሲያልቅ ወደ ሥዕል ይመለሳል።

የደጅ ሥዕል ማለት ቦታው ላይ ተቀምጦ፣ ዓይን የሚያየውን እዚያው ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሠዓሊዎች ራሳቸው ለብዙ ዘመን አልሠሩበትም። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ቅዱሱ ፊት ለፊት ቆሞ ይታያል፤ ከኋላው ብዙውን ጊዜ ያለው ቢጫ ወይም ቀይ ቀለም ነው እንጂ ተራራና ወንዝ ለራሱ ተብሎ አይሳልም። አውሮፓውያንም ደጅ ወጥተው በእርሳስ ይነድፉ ነበር፤ የዘይት ቀለሙን ሥራ ግን ቤት ገብተው ነው የሚጨርሱት። ምክንያቱ ቀለሙ ነው። ተፈጭቶ በዘይት ይለወስና በአሳማ ፊኛ ተቋጥሮ ይቀመጣል፤ ፊኛው ይፈነዳል፣ ቀለሙ ይደርቃል። በ1841 እ.ኤ.አ. ለንደን ይኖር የነበረ ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ፣ እንደ ጥርስ ሳሙና ተጨምቆ የሚወጣበትንና ክዳን ያለውን የቆርቆሮ ቱቦ ፈለሰፈ። ከዚያ ወዲያ ቀለም ኪስ ውስጥ የሚያዝ ዕቃ ሆነ። በ1874 ፓሪስ ላይ ሥራቸውን አንድ ላይ ያሳዩት እነ ሞኔ ከቤት ወጥተው ብርሃኑን እየተከተሉ ለመሳል የቻሉት ይህ ቱቦ ስለነበረ ጭምር ነው።

መምህርታችን ይህን ስትነግረን የሚገርም ነገር ጨመረች። ቱቦው በተፈለሰፈበት በዚያው በ1841፣ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ በሃሪስ ከተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ጋር ሆኖ የአፋርን በረሃ ተሻገረ፤ ይህንኑ የእኛን የገደል ሰንሰለት ወጥቶም ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ገባ። በመንገዱ የሣላቸውን አገሮች በ1852 አሳተማቸው። አንኮበር ከተቀመጥንበት ወደ ደቡብ በዚያው አፋፍ ላይ ነው። በ1925 ዓ.ም. አፈወርቅ ተክሌ የተወለዱትም እዚያ ነው፤ የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስተዋት የሠሩት። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። በሕይወቴ ያለፍኩበት አገር የሥዕል አገርም መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በመጀመሪያው ጠዋት አፋፉ ላይ ስንደርስ ጉም ነበር። ከፍታው ሦስት ሺህ ሜትር ያልፋል፣ ብርዱ ከጋቢ ሥር ይገባል። ቆሎና የሱፍ ቆብ የሚሸጡ ልጆች ከበቡን። ሃምሳ እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው አይታይም። አንደኛዋ ነርስ «ምኑን ነው የምንስለው? ነጭ ወረቀቱ ራሱ ሥዕሉ ነው» አለች። መምህርታችን «ጉሙን ሣሉት» ብላ መለሰችላት፤ ወደ ባሕር ዛፎቹም ጠቆመች። የቅርቡ ዛፍ ጥቁር ነው። ከእሱ ኋላ ያለው ግራጫ። ሦስተኛው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። «ርቀት ማለት ይኸ ነው፤ መሳል የምትጀምሩት ከዚህ ነው።»

ቀጥላ ዓይናችንን አጥብበን፣ ሽፋሽፍታችን እስኪነካካ ድረስ እንድናይ አዘዘችን። ዓይን ሲጠብብ ቅጠሉና ድንጋዩ ይጠፋና ትልልቁ ጥቁር፣ መካከለኛውና ብሩሁ ብቻ ይቀራል። ሦስቱን ለይቶ ያየ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። እኔ ወዲያው ገባኝ። ጉም ውስጥ ስነዳ የኖርኩት እንዲሁ ዓይኔን አጥብቤ ነው፤ አስፋልቱን ከሣሩ፣ ሣሩን ከባዶው የምለየው በጥቁረታቸው ነበር። ለመምህርታችን ስነግራት «ጋሼ፣ እንግዲያው እርስዎ ከሁላችንም ቀድመው ተምረዋል» አለችኝ። በስልሳ ሁለት ዓመቴ ይህን መስማቴ ምን ያህል እንዳስደሰተኝ ልጄ ታውቃለች።

አራት ሰዓት ገደማ ጉሙ ተገፈፈ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ እዚህ ይቀደዳል፣ እዚያ ይጋረዳል፣ ከዚያ በድንገት ቆላው ከሥራችን ተዘርግቶ ታየ። ገደሉ አንድ ገደል አለመሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው። ደረጃ ነው። ቀጥ ያለ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ ዘንበል ያለ መሬት ከነእርሻው፣ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ፣ ደግሞ እርሻ። የፊዚክስ መምህሩ አስረዳን፤ ደረጃዎቹ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እየተደጋገመ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንብርብር ናቸው፤ ኋላ ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት ምሥራቁ ወርዶ ይኸኛው ወገን ተሰቅሎ ቀረ። የታችኛው ቆላ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየውም መሬቱ ሰማያዊ ስለሆነ አይደለም። በመካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከሌላው ይልቅ ይበትነዋል፤ አየሩ በበዛ ቁጥር፣ ማለትም በራቀ ቁጥር፣ ሰማያዊው ይበረታል።

እኔ ግን ተራራውን አረንጓዴ አድርጌ ሣልኩት። ተራራ አረንጓዴ መሆኑን አውቃለሁና። መምህርታችን አጠገቤ ቁጭ ብላ መሐሉ እንደ መስኮት የተቀደደ ትንሽ ካርቶን ሰጠችኝ። «በዚህ ይዩና ስሙን ሳይጠሩ ቀለሙን ብቻ ይንገሩኝ።» አየሁ። ወይን ጠጅ ነበር፤ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ቅጠል የመሰለ ግራጫ። የጀማሪ ሁሉ ችግር ይኸው ይመስለኛል፤ የምንስለው የምናውቀውን ነው፣ የምናየውን አይደለም። ካርቶኑ ሌላም ጥቅም አለው። አገሩ ሰፊ ነው፣ ወረቀቱ ጠባብ ነው፤ በመስኮቱ የገባውን ብቻ ስለህ ሌላውን ትተወዋለህ። ጥላው ደግሞ አይጠብቅህም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቦታውን ይለውጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጥላው የወደቀበትን ነድፈህ፣ ኋላ ቢሸሽም በያዝከው ትጸናለህ።

ከሰዓት በኋላ በትር የያዙ አንድ ገበሬ ከእርሻቸው መጡና ሰላምታ ሰጥተው ዝም ብለው ቆሙ። ቆይተው «መሬት ልትለኩ ነው?» አሉን። ፊታቸው ጭንቅ ይዞታል። ወረቀትና እርሳስ ይዞ እርሻ አፋፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ነው የተረዳነው። አፍረን ተነሳን፤ ሥዕል መሆኑን አስረዳን፣ ቡና አቀረብንላቸው። አንድ ቡድን ለሥዕል ሲወጣ ገና ወንበሩን ሳይዘረጋ የአካባቢውን ሰው ማነጋገር እንዳለበት ከልቤ እመክራለሁ። ሰውየው ተቀምጠው የፊዚክስ መምህሩን ወረቀት ትኩር ብለው አዩና ጣታቸውን ሰደዱ። «ይቺ እርሻ አይደለችም ወንድሜ። ቦረቦር ናት። ጎርፉ ወስዷታል።» እውነትም ቢጫ የተቀባው ቦታ በዓይን ሲጣራ ጥቁር ስንጥቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁላችንንም እየዞሩ አረሙን፤ የገብሱ ማሳ የት እንደሚያልቅ፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ። እንደሳቸው ያንን አገር ያየው ከመካከላችን አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ሲሞቅ ጭላዳዎች ከገደሉ ወጥተው አፋፉ ላይ ሣር ሲነጩ አገኘናቸው፤ የባልና ሚስቱ ልጅ በእርሳስ ብቻ አሥራ አራት ነድፋ ከሁላችን በለጠች። ማታ ሥዕሎቹን ሣሩ ላይ ደርድረን ነፋሱ እንዳይወስዳቸው ጠርዛቸውን ድንጋይ ጫንባቸው። አንድ ገደል ነው፤ አሥራ አንድ ገደል ሆኗል። አንዱ ሰማይ ብቻ ሥሏል። ልጄ አንዲት ጎጆና ጭሷን። ብቻውን የሚማር ሰው የራሱን ስህተት ብቻ ያያል፤ በቡድን ሲሆን ሰው ያየውንና አንተ ያላየኸውን ነው የምታገኘው።

ስለ ዕቃው ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንን ነው፦ አንድ ሣጥን የውሃ ቀለም፣ አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ብሩሽ፣ ወፈር ያለ ወረቀት፣ ወረቀቱ በፕላስተር የሚለጠፍበት ቁራጭ ኮምፔርሳቶ፣ ሁለት ሃይላንድ ውሃ፣ ዱካና ጃንጥላ። ጃንጥላው ለራስ ብቻ አይደለም። ነጭ ወረቀት ላይ ፀሐይ ካረፈ ዓይን ይጭበረበራል፤ ያኔ ደማቅ መስሎህ የቀባኸው ቤት ስትገባ ጥቁር ይሆንብሃል።

ጣርማ በር ላይ ወረቀቱ አልደርቅ ብሎ አስቸግሮን ነበር። ጉሙ ያረጥበዋል፣ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ይፈስሳል። ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ነገሩ ተገለበጠ። ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል፤ በየሺህ ሜትሩ ከስድስት ዲግሪ በላይ ሙቀት ስለሚጨምር ጠዋት የለበስነውን ሁሉ አውልቀን ማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እዚያ ብሩሹ ወረቀቱን ሳይለቅ ቀለሙ ይደርቃል። መምህርታችን ወረቀቱን ከጀርባው አርጥበን፣ ቀለሙን በብዙ ውሃ በጥብጠን፣ ትልቁን ቦታ በአንድ ትንፋሽ እንድንቀባ አሳየችን። ከሦስት ሰዓት በፊትና ከአሥር ሰዓት በኋላ ብቻ ሠራን፤ በእኩለ ቀን ጥላ ከእግር ሥር ይገባና ማሽላውም ተራራውም ዝርግ ይሆናል።

አሥር ሰዓት አልፎ ወደ ምዕራብ ዞሬ ተቀመጥኩ። ሰንሰለቱ ከላይ እስከ ታች ጥላ ውስጥ ገብቷል፤ ጣርማ በር ያለበት አቅጣጫ በደመና ተሸፍኗል። ዓይኔን አጥብቤ ሦስቱን ቀባሁ፤ ጥቁሩን፣ መካከለኛውን፣ ብሩሁን። ተራራው ላይ መንገድ አይታይም ነበር። ግን መንገዱን አውቀዋለሁ። ቀለሙ ሲደርቅ ሌላ ወረቀት አውጥቼ መንገዱን ለብቻው በእርሳስ ነደፍኩት፤ ከሸዋ ሮቢት ተነስቼ፣ ኩርባውን በኩርባ፣ ደብረ ሲናን አልፌ እስከ ዋሻው አፍ። በየኩርባው አጠገብ ማርሹን በቁጥር ጻፍኩ፤ 3፣ 2፣ 2፣ አንዱ ጋ 1። መምህርታችን ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ጋሼ፣ ይህቺ 1 የት ጋ ናት?» አለችኝ። በማግስቱ ስንመለስ፣ የሚነዳንን ወጣት ሾፌር አስቁሜ ቦታውን ላሳያት ቃል ገባሁላት።