በሩን የሚያነሳው ሞተሩ አይደለም

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከአባሎቻችን የአንዷ አጎት ቤት ተሰብስበን፣ አቦሉን ጠጥተን ቶናውን እየጠበቅን ሳለ፣ ከመኪናው ክፍል በኩል ጥይት የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም ብድግ አልን። ሄደን ስናይ መኪናው ደህና ነው፣ መስታወት አልተሰበረም፣ የወደቀ ነገርም የለም። አጎታችን ሻላቱን ሲጫኑት ግን ሞተሩ ያጉረመርማል፣ በሩ አራት ጣት ያህል ከፍ ይልና ይቆማል። መኪናው ውስጥ ቀረ።

እሑድ ጠዋት ቴክኒሻን መጣ። ሁለት ደቂቃ ያህል አየና «ሞተሩ አልቆለታል፣ አዲስ ያስፈልጋችኋል» አለ። ዋጋው ከሦስት ሺህ ሼቅል በላይ ነበር። አጎታችን ወደ እኛ ዞር ብለው «ምን አለ?» አሉ። ተረጎምንላቸው። ይህ ሥራ ከልጅነታችን ጀምሮ የእኛ ነው፤ የባንኩን ደብዳቤ፣ የሐኪሙን ቃል፣ የትምህርት ቤቱን ስብሰባ ስንተረጉም ነው ያደግነው። ቃሉን መተርጎም ግን አንድ ነገር ነው፣ የተባለው እውነት መሆኑን ማወቅ ሌላ። «እናንተ ኢንጂነሪንግ ትማሩ የለም እንዴ?» ሲሉን አፈርን። ቴክኒሻኑን «እንደውልልሃለን» ብለን አሰናበትነውና ማታ ቁጭ ብለን ስለ በሩ ማንበብ ጀመርን። ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። ለወላጆቻችን «ጋራዥ» ማለት መኪና የሚጠገንበት፣ እዚህ ሙሳኽ የምንለው ቦታ ነው። እኛ የምናወራው ግን ከመኖሪያ ቤት ጋር ተያይዞ ስለሚሠራው የመኪና ክፍል፣ ወደ ላይ እየተንሸራተተ ጣሪያው ሥር ስለሚተኛው በር ነው። ወደ ላይ የሚነሳውን በር ሲ ጂ ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1921 ሠራ፤ በኤሌክትሪክ የሚከፍተውን መሣሪያ ደግሞ በ1926 ጨመረበት። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው።

በሩ ከአራት ወይም ከአምስት አግድም ክፍሎች የተሠራ ሲሆን ክፍሎቹ በማጠፊያ የተያያዙ ናቸው። በግራና በቀኝ ትንንሽ ጎማዎች አሉት፤ ጎማዎቹ በሐዲድ ውስጥ ይሄዳሉ፣ ሐዲዱ ከላይ ሲታጠፍ በሩም አብሮ ይታጠፋል። ሁለት መኪና የሚያስገባ የብረት በር ክብደቱ 100 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፣ የእንጨት ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ይህን የሚጎትተው ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ የግማሽ ፈረስ ጉልበት ነው። አንድ ጎረምሳ ብቻውን የማያነሳውን በር ያ ትንሽ ሞተር በቀን አሥር ጊዜ እንዴት ያነሳዋል?

መልሱን አጎታችን ከእኛ ቀድመው ገባቸው። በጎንደር ገጠር አህያ ጭነው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ጭነት በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ሁለት ሰው ደግፎ መያዝ አለበት። በሁለቱም ጎን እኩል ከሆነ ግን ሕፃን ልጅ በጣቱ ገፋ አድርጎ ያስተካክለዋል። የጋራዥ በርም በሌላ ጎኑ «ጭነት» አለው። ያ ጭነት ስፕሪንግ ነው፤ በኢትዮጵያ መካኒኮች ሞላ፣ በዕብራይስጥ ክፊጽ የሚሉት።

ከበሩ በላይ፣ ግድግዳው ላይ አንድ የብረት ዘንግ በአግድም ተዘርግቷል። ወፍራሙ ጥቅልል ስፕሪንግ በዘንጉ ዙሪያ አለ። በዘንጉ ጫፍና ጫፍ ደግሞ የብረት ገመድ የሚጠቀለልባቸው ሁለት መዘውሮች አሉ፤ ገመዶቹ ወርደው የበሩን ታችኛ ጫፍ ይይዛሉ። በሩ ሲዘጋ ገመዱ ይፈታል፣ ዘንጉ ይዞራል፣ ስፕሪንጉ ይጠመዘዛል። ቁመቱ 2.1 ሜትር የሆነ በር ሲዘጋ ስፕሪንጉ ሰባት ዙር ተኩል ያህል ተጠምዝዞ ይቀመጣል። ሲከፈት ያ ጥምዘዛ ይፈታና በሩን ወደ ላይ ይስባል። ክብደቱን የሚሸከመው ስፕሪንጉ ነው፤ ሞተሩ ሚዛኑ የተጠበቀውን ነገር ገፋ ያደርገዋል እንጂ አያነሳውም። (በአንዳንድ ቤት ስፕሪንጎቹ ከዘንግ ይልቅ በሐዲዱ ጎን የሚለጠጡ ሁለት ናቸው። በእነዚህ መሃል የብረት ገመድ ማለፍ አለበት፣ አለበለዚያ ሲበጠሱ ይወነጨፋሉ።)

ስፕሪንግ ዕድሜ አለው። የተለመደው ዓይነት ለ10,000 ጊዜ ያህል መከፈትና መዘጋት የተሠራ ነው። በቀን አራት ጊዜ ከተከፈተ ወደ ሰባት ዓመት ይሆናል። ዕድሜው ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ ቀስ እያለ አይደክምም፣ በአንድ ጊዜ ይበጠሳል፤ የሰማነው የጥይት ድምፅም እሱ ነበር። ባትሪ ይዘን ቀና ብለን ብናይ ኖሮ በጥቅልሉ መካከል ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት እናገኝ ነበር። ማንም አልተመለከተም፣ ቴክኒሻኑም ጭምር፤ ወይም አይቶ ዝም ብሏል።

ነገሩ ሲገባቸው አጎታችን መሰላልና መፍቻ ይዘው ብቅ አሉ። «ብሎን አይደል? እኔው እፈታዋለሁ።» እዚህ ላይ ነው የጮህነው፤ «ጋሼ፣ ይተውት፣ ይውረዱ!» ጉዳዩ የአክብሮት ጉዳይ አልነበረም። 100 ኪሎ የሚመዝን በር ሲነሳ የክብደቱ ማዕከል አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ይህን የሚያደርገው ጉልበት በስፕሪንጉ ውስጥ ታምቆ የተቀመጠ ነው። የ10 ኪሎ ጤፍ ከረጢት ከ10 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ ገደማ፣ ሲወድቅ ከሚኖረው ጉልበት ጋር እኩል ነው። ያላለማመደ ሰው ብሎኑን ሲያላላ መፍቻው ከእጁ ይመለጥና ፊቱን ይመታዋል፤ ጣትና ጥርስ የሚጠፋው በዚህ ነው። ከስፕሪንጎቹ አንዱ ቢበጠስም ሌላው እንደተጠመዘዘ ነው። በዚህ በር ላይ ያለውን ሌላ ነገር ሁሉ በቤት መነካካት ይቻላል፤ ስፕሪንጉን፣ ገመዱንና የበሩን ታችኛ ጥግ ግን አይቻልም።

ሌላ ባለሙያ ጠራን። ሁለቱንም ስፕሪንግ ቀየረ፣ ምክንያቱም አብረው የተገጠሙ አብረው ያረጃሉ። ከመጀመሪያው ከተጠየቀው ዋጋ ሲሶውን እንኳ አልሞላም። ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አሳየን። ከሞተሩ ሐዲድ ላይ የተንጠለጠለችውን ቀይ ገመድ ሳበና በሩን ከሞተሩ አላቀቀው። በአንድ እጁ እስከ ወገቡ ከፍ አድርጎ ለቀቀው። በሩ እዚያው ቆመ፤ አልወደቀም፣ አልወጣም። ሚዛኑ ልክ ነው ማለት ይህ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ብትሞክሩት ስፕሪንጉ ከመበጠሱ በፊት መድከሙን ልታውቁ ትችላላችሁ።

ቀይዋ ገመድ የተሠራችው መብራት ሲጠፋ በሩን በእጅ ለመክፈት ነው። ግን ስፕሪንጉ ተበጥሶ በሩ ክፍት ከሆነ በፍጹም አትሳቧት። ያ ሁሉ ክብደት በሞተሩ ላይ ብቻ ተንጠልጥሏልና በአንድ ጊዜ ይወርዳል።

ስለ ሞተሩ ብዙ የሚባል የለም። ጣሪያው ላይ ተሰቅሏል፣ ከእሱ እስከ በሩ አናት ሐዲድ ተዘርግቷል፣ በሐዲዱ ላይ ከበሩ ጋር በክንድ የተያያዘ ተንሸራታች አለ። ተንሸራታቹን እንደ ብስክሌት ካቴና ያለ ሰንሰለት፣ ወይም የጎማ ቺንጋ፣ ወይም ረጅም ጠመዝማዛ ብሎን ይስበዋል። ካቴና ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ግን ይጮኻል፤ መኝታ ቤት ከላይ ካለ ቺንጋ ይሻላል። ሞተሩ እየዞረ ድምፅ ካሰማና ካቴናው ካልተንቀሳቀሰ፣ ብዙውን ጊዜ ያለቀው በውስጡ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ብቻ ነው፣ እሱም ለብቻው ይቀየራል። በሩ የት ድረስ ወጥቶ፣ የት ድረስ ወርዶ እንደሚቆምም የሚያውቀው ይኸው ክፍል ነው።

አሁን ወደ ሕፃናቱ ጉዳይ እንምጣ። በአሜሪካ ልጆች በሚወርድ በር ሥር ተጨፍልቀው ሞተዋል። ኮንግረስ በ1990 ሕግ አወጣ፤ ከ1993 መጀመሪያ ጀምሮ እዚያ የሚሠራ የቤት ጋራዥ መክፈቻ ሁሉ ከራሱ ከሞተሩ መመለሻ ሌላ ሁለተኛ መከላከያ እንዲኖረው ግድ ሆነ። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ሁለቱ ትንንሽ «ዓይኖች» ከዚያ የመጡ ናቸው። ከወለሉ ከ15 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ከፍታ፣ ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንዱ የማይታይ ብርሃን ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። በሩ ሲወርድ መስመሩን ልጅም ሆነ ድመት ካቋረጠው ሞተሩ ወደ ላይ ይመለሳል። ዝቅ ያሉት ያለ ነገር አይደለም፤ ከፍ ቢሉ የሚድህ ሕፃን ከሥራቸው ያልፋል።

በሩ መውረድ ጀምሮ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእነዚህ ዓይኖች ነው፦ የሸረሪት ድር፣ አቧራ፣ በመጥረጊያ ተገፍቶ የጠመመ መያዣ። በእኛ አገር ደግሞ የማታ ፀሐይ በቀጥታ ገብታ ተቀባዩን ታሳውረዋለች። የላኪውንና የተቀባዩን ቦታ መለዋወጥ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ከዓይኖቹ ሌላ ሞተሩ ራሱ ተቃውሞ ሲገጥመው ቆሞ መመለስ አለበት። ይህን መሞከር ቀላል ነው፤ አራት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በሩ የሚያርፍበት ወለል ላይ ጋደም አድርጉና ዝጉት። ነክቶት ካልተመለሰ ያ በር እስኪጠገን ድረስ በሞተር አይዘጋ። እዚህ ላይ አንድ የምንቃወመው ልማድ አለ። በብዙ ሞተሮች ላይ የጉልበት ማስተካከያ አለ። ስፕሪንጉ ሲደክምና በሩ ሲከብድ ሰዎች ጉልበቱን ይጨምሩታል፤ በሩም ይሠራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። የሆነው ግን የደከመው ስፕሪንግ ተደበቀ፣ በሩም ከመመለሱ በፊት ልጅን የሚጫንበት ኃይል ጨመረ። ያን ያህል ማዞር ከሚያስፈልግ ባለሙያ መጥራት ይሻላል።

ሻላቱ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። የድሮዎቹ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኮድ ይልኩ ነበር። 12 ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ሻላት ሊኖረው የሚችለው 4,096 ኮድ ብቻ ነው። ሳሚ ካምካር የተባለ አሜሪካዊ የደኅንነት ተመራማሪ በ2015 የልጆች መጫወቻን አሻሽሎ፣ እንዲህ ያሉ በሮችን ከ10 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከፍቶ አሳይቷል። አዲሶቹ ግን በተጫናችሁ ቁጥር ኮዱን ይለውጣሉ። ሻላቱና ተቀባዩ አንድ ምስጢራዊ ቁልፍና አንድ ቆጣሪ አላቸው፤ የተላከው ኮድ አንዴ ካገለገለ በኋላ ዋጋ የለውም። በዚህ ረገድ በስፋት ከተሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ፣ ኪሎክ የሚባለው፣ በ1980ዎቹ በደቡብ አፍሪካ የተፈጠረ ነው። ታናሽ ወንድማችሁ ከቤት ርቆ ሻላቱን ሲጫወትበት ከዋለ ቆጣሪው ከተቀባዩ በጣም ቀድሞ ይሄድና በሩ ሻላቱን «ሊረሳው» ይችላል። አልተበላሸም፣ እንደገና ማስተዋወቅ ብቻ ነው።

አብዛኞቻችን የምንኖረው ግን በሕንፃ ውስጥ ነው፤ በራችን የጋራ ማቆሚያው ተንሸራታች በር ነው። እሱ ስፕሪንግ የለውም፣ ክብደቱ በታችኛው ሐዲድ ላይ ያርፋል፣ ሞተሩም በጥርስ እየነከሰ ወደ ጎን ይገፋዋል። ስለዚህ አደጋውም ሌላ ነው። በሐዲዱ ጫፍ ላይ በሩ እንዳያልፍ የሚያግድ የብረት ማቆሚያ መኖር አለበት፤ ከጠፋ፣ በሩ ከመስመሩ ወጥቶ እንዳለ ይጋደማል። ልጆች ደግሞ ተንጠልጥለውበት መሄድ ይወዳሉ። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ወርደን የራሳችንን ሕንፃ በር አየን። በአንድ ወገን ማቆሚያው የለም፣ የብሎኑ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ለቫዓድ ባይቱ ፎቶ ልከናል፣ ልጆቹንም ከበሩ አርቀናል። መልስ እየጠበቅን ነው።