ጠብ የሚመስል ጋብቻ

ወንድ ጎልድፊሽ ለመራባት ሲደርስ በስንጥቡ ክዳንና በደረቱ ክንፎች የፊት ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ያወጣል። አዲስ አርቢ ይህን ሲያይ የሚደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው፤ ዓሣው ታሟል። መድኃኒት ይገዛል፣ ውኃው ሰማያዊ ይሆናል፣ ጤነኛው ዓሣም ሳምንቱን በሕክምና ያሳልፋል።

ነጭ ነጥብ የሚባለው በሽታ በእርግጥ አለ፤ ስንቱን ገንዳ ባዶ አስቀርቷል። ሁለቱን ለመለየት ግን ማጉያ መነጽር አያስፈልግም። የበሽታው ነጥብ ቦታ አይመርጥም፤ ጅራት ላይም፣ ጀርባ ላይም፣ ዓይን አጠገብም ይበተናል። የታመመው ዓሣ ክንፉን ሰብስቦ ይቆዝማል፣ ገላውን በድንጋይና በጠጠር ይፈትጋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። የመራቢያው ነጥብ ደግሞ ከስንጥቡ ክዳንና ከፊት ክንፎቹ እምብዛም አያልፍም። ነጥቡን ያወጣው ዓሣም ከወትሮው የበለጠ ንቁ ነው፤ ሴቷን ከጥግ ጥግ እያሳደደ ሆዷን በአፉ ይጎሽማታል። ጠብ ይመስላል እንጂ ጠብ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ማለዳ ላይ ሴቷ በተክሎቹ መሃል የሚጣበቁ እንቁላሎቿን ትበትናለች፣ ወንዱ ከኋላ እየተከተለ ዘሩን ይረጭባቸዋል። ከዚያ ሁለቱም ዞር ይሉና እንቁላሎቹን ቁርሳቸው ያደርጓቸዋል። የገንዳው ባለቤት ሥራ ውሎ ሲመለስ የሚያገኘው የደከሙ ዓሦችና ትንሽ የደፈረሰ ውኃ ነው፤ ጎልድፊሾቹ ስንት ጊዜ እንቁላል እንደጣሉ ሳያውቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ማስወለድ ከባድ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ማስወለዱ ቀላል ነው፤ ሙቀትና ምግብ ከተስማማቸው ዓሦች የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። የሚከብደው የሆነውን ነገር በሰዓቱ ማወቅና ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ማለፍ ነው።

ለጀማሪ ጉፒን የሚያህል መምህር የለም። ስሙን ያገኘው ትሪኒዳድ ይኖር ከነበረው ሮበርት ጉፒ ነው። ሰውየው ለንደን ወደሚገኘው የብሪቲሽ ሙዚየም የላካቸውን ዓሦች የእንስሳት ተመራማሪው አልበርት ጉንተር በ1866 እ.ኤ.አ. በላኪው ስም ሰየማቸው። ሆኖም ዊልሄልም ፒተርስ የተባለ ጀርመናዊ ከሰባት ዓመት በፊት ያንኑ ዝርያ ከቬንዝዌላ በተገኘ ናሙና ገልጾት ነበርና ሳይንሳዊው ስም የፒተርስ ሆኖ ቀረ። ጉፒ የሚለው ግን ከሰው አፍ አልጠፋም።

ጉፒ እንቁላል አትጥልም። እንቁላሉ በሆዷ ውስጥ ይፈለፈልና ጫጩቶቹ እየዋኙ ይወጣሉ። ወንዱ ቀጭንና ባለቀለም ሲሆን ከሆዱ በታች በኋላ በኩል ያለው ክንፍ ጠቦ የሾለ ነው፤ የሴቷ ሰፋ ያለ ባለሦስት ማዕዘን ነው። እርግዝናዋን የሚናገረው ከዚሁ ክንፍ ከፍ ብሎ ሆዷ መጨረሻ ላይ ያለው ጥቁር ጥላ ነው። ቀኑ በገፋ ቁጥር ይጠቁራል፣ ይሰፋልም፤ ቀለማቸው በሳሳ ጉፒዎች ላይ የጫጩቶቹ ዓይን ጭምር በቆዳ ሥር ይታያል። መውለጃዋ ሲደርስ ሆዷ ክብነቱን ትቶ ከፊት በኩል ማዕዘን ያወጣል፤ ከመንጋው ትነጠላለች፣ ማሞቂያው አጠገብ ወይም ተክል ሥር ትሸሸጋለች፣ ምግብም ትተዋለች። ከአንዱ ወሊድ እስከ ቀጣዩ አራት ሳምንት ገደማ ነው፤ ውኃው ከቀዘቀዘ ይረዝማል።

አንድም ወንድ በሌለበት ገንዳ ውስጥ ጫጩት አግኝቶ ግራ የተጋባ አርቢ ጥቂት አይደለም። ሴት ጉፒ ከአንድ ጊዜ ግንኙነት የተቀበለችውን ዘር ለወራት አስቀምጣ ደጋግማ ልትወልድበት ትችላለች። ስለዚህ ከመሸጫ ቤት አንዲት ትልቅ ሴት ጉፒ ይዞ የወጣ ሰው የአንዷን ዋጋ ከፍሎ የስንቱን እንደወሰደ አያውቅም።

እናት የወለደቻቸውን ስትበላ ማየት ደግሞ ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ ከበስተጀርባው ግን የቆየ ስሌት አለ። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ዴቪድ ሬዝኒክና ባልደረቦቹ በትሪኒዳድ ወንዞች ባካሄዱት የረጅም ጊዜ ጥናት እንደታየው፣ አዳኝ ዓሣ በበዛበት የወንዙ ክፍል ያሉ ጉፒዎች ቶሎ ለመውለድ ይደርሳሉ፤ ጫጩቶቻቸውም ብዙና ትናንሽ ናቸው። አዳኝ እምብዛም በሌለበት፣ ከፏፏቴ በላይ ያሉት ዘግይተው ይደርሳሉ፤ ጥቂት ግን ተለቅ ያሉ ጫጩቶች ይወልዳሉ። የቤቱ ጉፒም ከዚሁ ዘር ነው፤ በብዛት ወልዶ ብዙውን ማጣት ከጥንት የመጣ ስሌቱ ነው።

እናት ጫጩቶቿን እንዳትበላ መሸጫ ቤቶች መፍትሔ ብለው የሚያቀርቡት እናቲቱ የምትገባበትን ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ዕቃ ከሚያድነው የሚያስጨንቀው ይበልጣል። ውኃው በደንብ አይዘዋወርበትም፣ የደረሰችው እናት መሸሸጊያ ታጣለች፤ አንዳንዷ ያለጊዜዋ ትወልዳለች። ጃቫ ሞስ የተባለው የውኃ ተክል በበቂ መጠንና ጥቅጥቅ ያለ ተንሳፋፊ ተክል የተሻለ ይሠራል፤ ጫጩቶቹ እንደተወለዱ የሚሸሹት ወደዚያ ነውና። ሳጥኑ ለጫጩቶቹ ይቅር፤ እናቲቱ ውጭ ትሁን።

ኤንጀልፊሽ ሌላ ዓለም ነው። ጥንዶቹ ከሌሎቹ ተለይተው አንድ ጥግ ይይዛሉ፤ የቀረበውን ሁሉ ያባርራሉ። ከዚያ ሰፊ ቅጠል ወይም ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ መርጠው በአፋቸው ደጋግመው ያጸዳሉ። ጽዳቱ የተጀመረበት ገንዳ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እንቁላል ሊያይ ይችላል። ሴቷ በመስመር በመስመር ትደረድረዋለች፣ ወንዱ እላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይከተላል። ዘር ያገኘው እንቁላል የቢጫ ግልጽነቱን እንደያዘ ይቆያል፤ ያላገኘው በአንድ ቀን ውስጥ ይነጣና ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታው ወደ ጎረቤቱ ይዛመታል። ወላጆቹ የነጣውን እየለቀሙ ያወጣሉ። ሁሉም እንቁላል ከነጣ ጥንዶቹ ሁለት ሴቶች የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው፤ ሁለት ሴት ኤንጀልፊሾች ተጣምረው እንቁላል መጣላቸው የተለመደ ነው። ገና በመጀመሪያቸው ያሉ ጥንዶች ደግሞ እንቁላሉን ሊበሉት ይችላሉ። ይህ ለሦስትና ለአራት ዙር ቢደጋገም እንኳ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም።

ወንዱ ቤታ ውኃው ላይ የአረፋ ጎጆ ይሠራል። ጎጆው ብቻውን ግን ምልክት አይሆንም፤ ሴት አይቶ የማያውቅ ቤታም ይሠራዋል።

በአፋቸው የሚታቀፉት ናቸው ከሁሉም የሚያታልሉት። ከማላዊ ሐይቅ የመጡት ባለደማቅ ቀለም ሲክሊዶች እንቁላላቸውን በአፍ ይዘው ሦስት ሳምንት ገደማ ይጾማሉ። ምግብ ሲጣል ሌላው ሁሉ ሲሻማ አንዷ ራቅ ብላ ከቆመች፣ ከአገጯ ሥር ያበጠች ከመሰለችና መንጋጋዋ የምታላምጥ ያህል ከተንቀሳቀሰ ተሸክማለች ማለት ነው። ይህ ለኢትዮጵያ እንግዳ ጠባይ አይደለም። ሰው በጥብስም በጉላሽም የሚያውቀው የሐዋሳና የጫሞ ቆሮሶ የሚራባው እንዲሁ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል፣ ሴቷ ጥላበት እንቁላሉን በአፏ ትሰበስባለች። ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። ጫጩት የሚሞተው በአብዛኛው ምግብ ጠፍቶ ሳይሆን አፉን የሚያህል ምግብ ጠፍቶ ነው። የጉፒ ጫጩት ሲወለድ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚሆን በጣት የደቀቀ የዓሣ ምግብ ይበላል። የቤታ ጫጩት ግን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ይፈልጋል። እነዚህን ለማግኘት የገንዳ ውኃ በማሰሮ ቀድቶ የደረቀ የሰላጣ ቅጠል መጨመርና ጥቂት ቀን መተው ነው፤ መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ይሸታልም፤ መልሶ ጠራ ሲል ዝግጁ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው አርቴሚያ የተባለው ጥቃቅን የውኃ እንስሳ ነው። እንቁላሉ ደርቆ የሚሸጥ ሲሆን በጨው ውኃ ውስጥ ሞቅ ብሎት አየር እየተነፋለት ከአንድ ቀን እስከ አንድ ቀን ተኩል ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። የሚንቀሳቀስ ምግብ ስለሆነ ጫጩት ያሳድደዋል፤ ሆዱ ብርቱካናማ ሲሆን መጥገቡ ይታወቃል። አርቴሚያ በማይገኝበት የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ይመከራል። ይሠራል፤ ነገር ግን ትንሽ ከበዛ ውኃውን በአንድ ሌሊት ያበላሻልና ከመርፌ ጫፍ ያልበለጠ ይሁን። የጉፒ ጫጩት ወዲያውኑ ይመገባል። የኤንጀልፊሽ ጫጩት ግን ከተፈለፈለ በኋላ አምስት ቀን ገደማ በሆዱ ባለው አስኳል ይኖራል፤ ሳይዋኝ የሚሰጠው ምግብ ሁሉ ቆሻሻ ነው።

ከምግቡ ቀጥሎ የሚያሳስቡት ሙቀትና አየር ናቸው። ዝናብ በሚዘንብባቸው የሐምሌ ሌሊቶች አዲስ አበባ ውስጥ ያለማሞቂያ የሚያድግ የኤንጀልፊሽ ጫጩት የለም። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ በዚህ የተነሳ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን እኩል ሙቀት ካለው የባሕር ጠረፍ ውኃ በሩብ ያህል ያንሳል። ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ኦክስጅኑ የበለጠ ይቀንሳል። ከባሕር ጠረፍ አገሮች የተቀዳው ምክር እዚህ የሚጎድለው በዚህ ነው። በአየር የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ሁለት ጥቅም አለው፤ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ጫጩትም ስቦ አይውጥም። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በጋቢ መጠቅለል ሙቀቱን ለሰዓታት ያቆየዋል፤ ለአየሩ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ያስፈልጋል። የቧንቧ ውኃም ክሎሪኑ እስኪወጣ አንድ ቀን ክፍት ባልዲ ውስጥ ይደር፤ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ሳይስተካከል አይጨመር።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ችግር ስኬቱ ራሱ ነው። የጉፒ ወንዶች አንድ ወር ገደማ ሲሆናቸው ክንፋቸው መሾል ይጀምራል፤ ያኔ ካልተለዩ እህቶቻቸው በሦስተኛው ወር ገደማ እናት ይሆናሉ። የተረፈውን ወንዝ ውስጥ መልቀቅ እንደ ርኅራኄ ይቆጠራል፤ ጉፒ ግን በዚሁ መንገድ የብዙ ሞቃት አገሮችን ወንዞች ወርሯል፤ ጣናን የመሰለ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦች ያሉበት ሐይቅ ደግሞ እንግዳ አይፈልግም። አንዳንድ መሸጫ ቤቶች ያደጉ ጉፒዎችን ተቀብለው በምግብ ይለውጣሉ፣ ጎረቤትና ዘመድም ይወስዳል። አከርካሪያቸው የጎበጠውን ግን ለማንም መስጠት፣ ዘር እንዲተኩ ማድረግም አይገባም፤ ብዙ አርቢዎች ለትልልቆቹ ኤንጀልፊሾች በምግብነት ይሰጧቸዋል።