የመከር ድርሻ፦ አንድ ቤተሰብ እንዴት ይምረጥ?



የዛሬው ንግግሬ በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ «ሲኤስኤ» ተብሎ ስለሚታወቀውና በአማርኛ «በማኅበረሰብ የተደገፈ ግብርና» ልንለው ስለምንችለው አሠራር ነው። በተለይም በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የሚኖር ቤተሰብ ከአንድ እርሻ ድርሻ ለመግዛት ሲነሣ በምን መመዘኛ ሊመርጥ እንደሚገባው አብራራለሁ። ነገሩ የጓዳ ጉዳይ ይመስላል። በውስጡ ግን አንድ መሠረታዊ የምጣኔ ሀብት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የመከርን ሥጋት የሚሸከመው ማን ነው? የሚለው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዘር መሬት ሳይነካ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ አባላት የወቅቱን ዋጋ በሙሉ ወይም በከፊል አስቀድመው ይከፍላሉ። ገበሬው በዚህ ገንዘብ ዘር ይገዛል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ከብድርም በመጠኑ ይድናል። በአብዛኛው ከግንቦት መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ እርሻው ያፈራውን አትክልት በየሳምንቱ ለአባላቱ ያከፋፍላል። መሬቱ ሲሰጥ ሣጥኑ ይሞላል። በሽታ ወይም በረዶ ቲማቲሙን ከመታው ሣጥኑ ያለ ቲማቲም ይመጣል፤ የተከፈለው ገንዘብም እንደ ልማዱ አይመለስም።

ሐሳቡ አሜሪካ የደረሰው ከአውሮፓ ነው። በጃፓንም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «ቴይኬይ» የሚባል ተመሳሳይ ትስስር በአምራቾችና በተመጋቢዎች መካከል ተስፋፍቶ ነበር። በአሜሪካ በ1986 በማሳቹሴትስ ኢንዲያን ላይን፣ በኒው ሃምፕሺር ደግሞ ቴምፕል ዊልተን የተባሉት እርሻዎች ፈር ቀደዱ። ለእኛም ቢሆን ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአገራችን መሬቱን በእኩል ወይም በሲሶ የሚያሳርስ ሰው የሚካፈለው የተገኘውን ምርት ነው፤ ዓመቱ ከከፋ የአራሹም የባለመሬቱም ጎተራ ይጎድላል። እንግዲህ ድርሻ የሚገዛ ሰው ከጉሊት ሸማች ይልቅ ለዚህ ባለመሬት ይቀርባል። ምርጫውንም ከዚህ ግንዛቤ መጀመር ይኖርበታል።

የመጀመሪያው መመዘኛ መጠን ነው። ለምሳሌ ያህል ሙሉ ድርሻ ለ20 ሳምንታት 600 ዶላር ቢሆን በሳምንት 30 ዶላር ይደርሳል። ቤተሰቡ ከሣጥኑ ሲሶውን ሳይበላ ቢጥል ግን 30 ዶላር ከፍሎ የ20 ዶላር አትክልት በላ ማለት ነው። ግማሽ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ከሙሉው ዋጋ እኩሌታ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ይሁን እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚበላ ግማሽ ድርሻ እየጠወለገ ከሚጣል ሙሉ ድርሻ ይረክሳል። ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት ቤተሰቡ በአራት ሳምንታት ውስጥ የሚያበስለውን አትክልት መዝግቦ ቢይዝ ይበጀዋል። ሣጥን መቀበል ማለት ማጠብ፣ መክተፍና ማብሰል ነውና፣ ይህን የሚሠራው ማን እንደሆነ አብሮ መወሰን ተገቢ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ የጊዜ መቁጠሪያ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኦርቶዶክሳውያን ቤተሰቦች «ለጾም ይሆነናል» ብለው ስለ ድርሻ ያስባሉ። ነገር ግን ዐቢይ ጾም የሚፈታው የመጀመሪያው ሣጥን ከመድረሱ በፊት ነው፤ በአንጻሩ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው ፍልሰታ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶሊያና የበቆሎ እሸት ከሚትረፈረፉበት ሳምንታት ጋር ይገጥማል። ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም ቤት ማክሰኞ የሚታደል ሣጥን ቅዳሜ ከሚታደለው ይልቅ ይስማማዋል። በዕረፍት ወራት ከከተማ የሚወጣ ቤተሰብም ሣጥኑን ለሌላ ሳምንት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ፤ በብዙ እርሻዎች ያልተወሰደ ሣጥን ለችግረኞች ይሰጣል።

ሦስተኛው የሣጥኑ ይዘት ነው። አንዳንዱ እርሻ ሁሉንም አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ አባሉ ከተደረደረው ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ዱባ በየቤቱ የታወቁ ናቸው፤ ኮልራቢን የመሰለ እንግዳ አትክልት ግን የሚያበስለው ካላገኘ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይሰነብታል። ያለፈውን ዓመት የየሳምንት ዝርዝር ጠይቆ ማንበብ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ያስረዳል።

አራተኛውና ዋነኛው የሥጋቱ ጉዳይ ነው። ገበሬውን ሦስት ነገሮች መጠየቅ ይገባል፦ አትክልቱ በሙሉ ከገዛ እርሻችሁ ነውን? ባለፉት ዓመታት የከሸፈባችሁ ምን ነበር? ያን ጊዜስ ለአባላቱ ምን ነገራችኋቸው? ከጅምላ ገበያ ገዝቶ በሣጥን የሚያድል ድርጅት ራሱን በዚሁ ስም ሊጠራ ይችላል፤ አገልግሎቱ መልካም ሊሆን ቢችልም በዚያ የሚካፈሉት መከር የለም። ከሽፈቱን ሳይሸሽግ የሚናገር ገበሬ ግን ለቀጣዩ ክፉ ወቅትም ይታመናል።

እዚህ ላይ የፍትሕ ጥያቄ ይነሣል። ሥጋትን መጋራት ተቀማጭ ላለው ቤተሰብ በጎ ምግባር ነው፤ የወር ደመወዙ ከወር ለማያደርሰው ግን የባከነ 600 ዶላር የቤት ኪራይ ማለት ነው። ለዚህም በየሳምንቱ የሚያስከፍሉ፣ በጉልበት ሥራ ዋጋ የሚቀንሱ፣ የመንግሥትን የምግብ ድጎማ ካርድ የሚቀበሉ እርሻዎች አሉ። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ሙሉ ድርሻ ለሁለት ቢካፈሉም ሸክሙ ይቀላል።

በአጭሩ፣ ትክክለኛው ድርሻ ቤተሰቡ በልቶ የሚጨርሰው፣ ወቅቱ ቢከፋም ሳይጎዳ የሚሸከመው ነው። ከአቅም በላይ ድርሻ ገዝቶ በዓመቱ ከሚቀር አባል ይልቅ ግማሹን ገዝቶ በየዓመቱ የሚመለስ አባል ለገበሬውም ይጠቅመዋል።