«ጥበብ» በሸማ ላይና በፍልስፍና ውስጥ

የውበትን ፍልስፍና ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የሚገጥመው ችግር የቃል እጥረት ሳይሆን የአንድ ቃል ፍቺ መብዛት ነው። «ጥበብ» ማስተዋል ነው፤ የእጅ ብልሃት ነው፤ በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚገባው ባለቀለም ሽመናም ነው። «ጠቢብ» ሊቅን ሲያከብር «ጠይብ» ግን ሸክላ ሠሪንና ቀጥቃጭን ማዋረጃ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ተርጓሚው ቃሉን ሲመርጥ ማን ከያኒ፣ ማን እጅ ሠሪ እንደሚባል አብሮ ይወስናል።

ለምሳሌ ከአባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በጋሞ ደጋ የሚኖሩትን የዶርዜ ሸማኔዎች ሥራ እንውሰድ። ሸማኔው የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ፣ ከማጉ ሌላ ባለቀለም ክር በመካከላቸው እያስገባ ጥበቡን ያወጣል። ይህ ኪነ ጥበብ ነውን?

ፕላቶና አሪስቶትል ነገሩን የሚያዩት ከማስመሰል አንጻር ነው፤ የጥበቡ ማዕዘናማ ንድፍ ግን ብዙውን ጊዜ የምንም ነገር ምስል አይደለም። ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ነፃ ውበትን ከጥገኛ ውበት ይለያል። ለነፃ ውበት ከሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ በክፈፍ ላይ የሚወጣ የቅጠላ ቅጠል ጌጥ ነው። በዚህ መሠረት ቀሚሱ ለልብስነት ስለ ተሠራ ውበቱ ጥገኛ ቢሆንም፣ በጠርዙ ላይ ያለው ጥበብ ነፃ ውበት ሊባል ይችላል። ኮሊንግዉድ እ.ኤ.አ. በ1938 እንዳስረዳው ደግሞ እጅ ሠሪ የሚሠራውን አስቀድሞ ያውቃል፤ ከያኒ ግን ስሜቱን የሚያውቀው እየገለጸው ነው። እንግዲህ ሸማኔው የታዘዘውን ብቻ ከፈጸመ በአንዱ ወገን፣ ንድፉን በሥራው መካከል ካገኘው በሌላው ወገን ይቆማል። ዲኪ እ.ኤ.አ. በ1974 መልሱን የኪነ ጥበብ ዓለም ለሥራው ከሚሰጠው ቦታ ጋር አያይዞታል።

የኮሊንግዉድን ሐሳብ «ጥበብ እደ ጥበብ አይደለም» ብለን ብንመልሰው አንባቢው እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር ያነባል። ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

«ኪነ ጥበብ» ጥቅል ስያሜ ይሁን። «ሥነ ጥበብ» አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 ካቋቋሙት ትምህርት ቤት ስም ጋር ስለ ተለመደ፣ ለሥዕልና ለቅርጻ ቅርጽ ይጽና። በግእዝ «ሥን» ውበት ማለት ስለ ሆነ «ሥነ ውበት» በቀጥታ ሲፈታ «የውበት ውበት» ይሆናል፤ ነገር ግን «ሥነ» ዛሬ የትምህርት ዘርፍ መሰየሚያ ስለ ሆነ አያሳስትም። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ባውምጋርተን እ.ኤ.አ. በ1735 ስያሜውን ያወጣው በሕዋሳት መረዳትን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ነው። ስለዚህ የእርሱን ጽሑፍ የሚመልስ ሰው ይህን ፍቺ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይግለጥ።

«እደ ጥበብ» የሚገባው ደራሲው ራሱ ሁለቱን ሲያነጻጽር ብቻ ነው። ደራሲው ሳይለይ ተርጓሚው ከለየ፣ በሸማኔው ላይ የተሰጠው ፍርድ የፈላስፋው ሳይሆን የተርጓሚው ይሆናል።